ለአጎቴ በየወሩ የምሰጣቸው 15,000 ብር ትርፍ ነው ወይስ ወለድ?

ጨርቅ_ሻጩ

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሞችና እህቶች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መርካቶ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሱቋ ትንሽ ናት፣ ኪራይ ናት። መጋቢት 2016 ላይ የእናቴ ወንድም ደሴ የነበራቸውን ቦታ ሸጠው 600,000 ብር ሰጡኝ። የራሴ 300,000 ነበረኝ። አንድ ላይ አድርጌ ሱቁን ሞላሁት። አጎቴ ጡረታ ወጥተዋል። «ባንክ ባስቀምጠው ወለድ ነው፣ አንተ ነግድበትና በየወሩ 15,000 ስጠኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም፣ አጎቴ ናቸዋ።

እስካሁን 14 ወር ከፍያለሁ፣ 210,000 ማለት ነው። በረመዳን ሰሞን ትርፉ ከዚያ በላይ ስለነበር ግድ አልሰጠኝም። ከዒድ ወዲህ ግን ገበያው ተኛ። ባለፈው ወር ኪራዩንና ሱቅ የሚሠራውን ልጅ ደሞዝ ስቀንስ ምንም አልተረፈም፣ የአጎቴን ግን ከዋናው ላይ አንስቼ ላክሁ። በዚያው ሳምንት ጁሙዓ ላይ ኢማሙ ስለ ሪባ (ወለድ) ሲያስተምሩ «ገንዘብ ሰጥቶ፣ ዋናው ሳይነካ፣ ልኩ የታወቀ ጭማሪ መቀበል» ሲሉ ላብ አጠመቀኝ። ከባንክ ወለድ የሸሹት ሰውዬ እኔ ዘንድ መጥተው ወለድ እየበሉ ነው? የማበላቸው ደግሞ እኔ ነኝ?

ሌላም አለ። የሱቁና የቤቴ ገንዘብ ተደባልቋል። ሚስቴ ዘይት ስትል ከመሳቢያ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ሲመጣ ከመሳቢያ። ዘካም አምና በግምት 10,000 ሰጠሁ፣ ልክ ይሁን አይሁን አላህ ነው የሚያውቀው። ከየት ልጀምር?

የበርበሬ_ተራው_ሐጂ

ወዓለይኩሙ ሰላም ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። አላህ አያርገውና ዕቃው ቢቃጠል፣ አጎትህ 600 ሺዬን አምጣ ይልሃል ወይስ «ገንዘቤ ሄደ» ብሎ ይቀመጣል?

አምጣ የሚልህ ከሆነ የወሰድከው ብድር ነው። ብድር ላይ የተቆረጠ ጭማሪ ደግሞ ወለድ ነው፣ ትርፍ ብትለውም፣ የሻይ ብትለውም፣ ለአጎት ብትሰጠውም። ገንዘቤ ሄደ የሚል ከሆነ ግን ሽርክና ነው፣ ሙዳረባ የሚሉት። እሱም ቢሆን የተበላሸ ሽርክና ነው፣ ምክንያቱም ከትርፍ ላይ ሲሶ ወይ እኩል ይባላል እንጂ ይሄን ያህል ብር አይባልም። አባቶቻችን መሬት የእኩል ሲያሳርሱ «ከአዝመራው እኩል» ይሉ ነበር። ባለመሬቱ «አዝመራው ምንም ይሁን እኔ አስር ኩንታሌን» ቢል ኖሮ፣ በረዶ የመታው ለት አራሹ ልጆቹን ምን ያበላል? አንተ ባለፈው ወር የሆንከው ያንን አራሽ ነው።

ወረቀት የለም ያልከው አናደደኝ። ቁርአን ውስጥ ረጅሟ አያ የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለህ? አል በቀራ 282 ናት። የምታወራው ዕዳን ስለመጻፍና ምስክር ስለመጥራት ነው። አጎት ከሆነ አትጻፉ የሚል የለበትም። እኔ በ40 ዓመት ንግዴ የተጣላሁት ከባዳ ጋር አይደለም።

ኡሙ_ሐናን

ሐጂ ልክ ናቸው። እኔ በሒሳብ ሥራ ስለምተዳደር ወደ ተግባሩ ልግባ።

አጎትህ በዚያ 15,000 ነው ወር የሚገፉት፣ ስለዚህ «ዓመቱ ሲያልቅ ትርፍ ካለ እንካፈላለን» ብትላቸው እስከዚያ ምን ይበላሉ? መንገድ አለው። መጀመሪያ በመቶኛ ተስማሙ። ከትርፉ 40 ለእሳቸው፣ 60 ላንተ በሉ እንበል። ያንተ የሚበዛው ገንዘብም ጉልበትም ስላዋጣህ ነው። ኪሳራ ከመጣ ግን የሚከፋፈለው በተዋጣው ገንዘብ ልክ ነው፣ 600 ለ300፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ የእሳቸው። ትርፍን በፈለጋችሁት መጠን ተካፈሉ፣ ኪሳራ ላይ ግን ድርድር የለም።

ከዚያ በየወሩ 10,000 ትሰጣቸዋለህ፣ ግን በቅድሚያ፣ በኋላ የሚታሰብ ተብሎ ተጽፎ። ሰኔ 30 ዕቃ ትቆጥራለህ፣ ሒሳብ ትዘጋለህ። የዓመቱ ድርሻቸው 150,000 ሆኖ ከተገኘ 120,000 ስለወሰዱ 30,000 ትጨምርላቸዋለህ። ድርሻቸው 90,000 ብቻ ከሆነ ደግሞ በብልጫ የወሰዱት 30,000 ከዋና ገንዘባቸው ይቀነሳል። ብሩ እንደ ድሮው በየወሩ ይወጣል። ልዩነቱ የመጨረሻው ቃል የሰኔ 30 ሒሳብ መሆኑ ነው። የኢስላማዊ ፋይናንስ ደረጃ የሚያወጣው ባህሬን ያለው አዮፊ የሚባለው ድርጅትም በቅድሚያ የሚሰጥን ትርፍ በዚሁ ሁኔታ ይፈቅዳል።

የመሳቢያው ነገር። ሽርክና ከሆነ ያ መሳቢያ ያንተ ብቻ አይደለም። ለዘይት ስታወጣ ከአጎትህ ኪስም እያወጣህ ነው። ለራስህ በየሳምንቱ የተወሰነ ቁረጥ፣ ከ60ህ ላይ የሚታሰብ። ከዚያ ውጪ አንዲት 50 ብር ብትወጣም ደብተር ላይ ትስፈር። ደሞዝ ልቁረጥ ብትል ግን ተጠንቀቅ፣ ሸሪክ በሽርክናው ውል ውስጥ ቋሚ ደሞዝ አይወስድም፣ ራሱን የቻለ ሌላ ውል ይፈልጋል። ቀላሉ የትርፍ እጅህን ከፍ ማድረግ ነው።

እና ይቅርታ፣ ነገር ፈላጊ አትበለኝ፣ የልጁን ደሞዝ በስንት ቀን ነው የምትከፍለው?

ጨርቅ_ሻጩ

እህቴ ምን ጉድ ነው የምትጠይቂኝ። የልጁ አንዳንዴ 10 ቀን ያልፋል። የአጎቴን አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። «የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉ» የሚለውን ሐዲስ ልጁ ያውቀዋል፣ አፍሮኝ ነው ዝም ያለው። ዛሬውኑ ከፍያለሁ።

ጥያቄ_አለኝ

ለምን ትጨነቃለህ ወንድሜ፣ ከወለድ ነፃ ነን የሚሉት ባንኮችስ ምን ያደርጋሉ? እኔ የእንጨት ሥራ አለኝ። 500,000 የሚያወጣ ማሽን ፈልጌ ሄድኩ፣ በ3 ዓመት 770,000 ትከፍላለህ አሉኝ። ወለድ የሚያበድረው ጎረቤታቸውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስሙን ዐረብኛ ስላደረጉት ሐላል ሆነ? አጎትህ ቢያንስ ዐረብኛ አልተጠቀሙም።

የባንክ_ልጅ

ከወለድ ነፃ አገልግሎት ላይ ነው የምሠራው፣ የትኛው ባንክ እንደሆነ ይቅር። ዋጋው መቀራረቡ እውነት ነው። ግን ዋጋ መቀራረብና አንድ መሆን ይለያያል፣ ሐላል ሥጋና ሐላል ያልሆነ ሥጋ በኪሎ ዋጋቸው ሊመሳሰል ይችላል።

ያንተ የማሽን ውል ሙራባሓ ይባላል። ብድር አይደለም፣ ሽያጭ ነው። አንተ ማሽኑን ትመርጣለህ፣ ፕሮፎርማ ታመጣለህ። ባንኩ ከሻጩ ይገዛል፣ ገንዘቡን ለሻጩ ይከፍላል፣ ማሽኑ የባንኩ ይሆናል። ከዚያ «በዚህ ገዛሁት፣ ይሄን ያህል አተርፋለሁ» ብሎ በዱቤ ይሸጥልሃል። አንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቢሰበር ኪሳራው የባንኩ ነው። «የሌለህን አትሽጥ» የሚለው ሐዲስ ነው መሠረቱ። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ብትዘገይም 770 እንዳለ 770 ነው። የመዘግየት ቅጣት ቢኖር እንኳ ወደ በጎ አድራጎት ይሄዳል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም። የወለድ ብድር ግን ስትዘገይ እላይ በላይ ይወልዳል። ስሙም እኮ ወለድ ነው።

የሚያሳፍረንንም ልንገርህ። አንዳንዱ ደንበኛ ከጓደኛው ሱቅ ፕሮፎርማ ያጽፋል፣ ባንኩ ለጓደኛው ይከፍላል፣ ዕቃ የሚባል አልተንቀሳቀሰም፣ ጓደኛው ብሩን ያስረክበዋል። ያ በቃ ብርን በብር በጭማሪ መግዛት ነው። ዕቃውን ሄዶ ሳያይ የሚፈርም ሠራተኛም አለ። ያኔ የአንተ ክስ ትክክል ነው።

ጥያቄ_አለኝ

እሺ ያን አመንክ፣ ጥሩ። ግን ባንኩ ያንን የመሰበር ስጋት ስንት ሰዓት ነው የሚሸከመው? ሁለት ሰዓት? በሁለት ሰዓት ስጋት 270,000? ለምን ሐጂ እንዳሉት በሽርክና አይገቡም? እኔ ከሰርኩ አብረው ይክሰሩ።

የባንክ_ልጅ

አንዳንዴ ሁለት ሰዓትም አይሞላም፣ አልዋሽህም። ለምን በሽርክና አንገባም ላልከው፣ መልሱ የጨርቅ_ሻጩ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሽርክና ማለት ትርፍህን ባንኩ ያያል ማለት ነው። መርካቶ ላይ ስንቱ ነጋዴ ነው አንድ መዝገብ ያለው? አንዱ ለገቢዎች፣ አንዱ ለራሱ። የትኛውን አይተን ነው የምንካፈለው? የገቢዎቹን ካየን ሁልጊዜ ከሳሪ ነህ። ይሄ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፣ በሌላ አገርም ኢስላማዊ ባንኮች ወደ ሙራባሓ ያጋደሉት በዚሁ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ገና አዲስ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ መደበኛ ባንኮች በመስኮት እንዲሰጡት መመሪያ ያወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው የተከፈቱት በ2021። መተማመኑ ጊዜ ይፈልጋል።

የበርበሬ_ተራው_ሐጂ

ሁለት መዝገብ ያልከው ነካኝ፣ ግን እውነት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ አገኙት። ዝናብ ነው ቢላቸው «ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም?» አሉት። ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ። የእኛ መዝገብ እንደዚያ ነው።

ጅዳ_ነኝ

እኔ ስለ እቁብ ልጠይቅ፣ ከርዕሱ አልወጣም። እዚህ ሐበሾቹ እንሰበሰባለን፣ ዐረቦቹም ጀምዒያ የሚሉት አላቸው፣ ያው እቁብ ነው። የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1989 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል፣ ሁሉም ያዋጣውን ያህል ስለሚወስድ። አገር ቤት ግን እህቴ ያለችበት 20 ሰው ነው፣ በሳምንት 5,000፣ አንድ ዕጣ 100,000። ዕጣ የደረሰው ሰው ለቸገረው ይሸጣል ትለኛለች። ይሄስ?

ኡሙ_ሐናን

እቁቡ ራሱ ችግር የለውም፣ እርስ በርስ ብድር ነው። መሸጡ ግን ችግር አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ለሌላ ለቆ 8,000 ሲቀበል፣ ገዢው 92,000 አግኝቶ 100,000 ይከፍላል። ብር በብር ነው፣ መሀል ላይ ዕቃ የለም። በነፃ ተራ መቀያየር ትችላላችሁ፣ ዳኛውም አንድ ለተቸገረ ቅድሚያ ሊሰጥ ይችላል። ዳኛውና ጸሐፊው ለልፋታቸው ልኩ የታወቀ አበል ቢወስዱም ያ ለሥራ ነው።

አሁን ዘካ። ጨርቅ_ሻጩ፣ በግምት አይሆንም። በቀኑ ያለውን የሚሸጥ ዕቃ በዕለቱ መሸጫ ዋጋ ታስላለህ፣ በገዛህበት አይደለም። ካዝናና ባንክ ያለውን ትጨምራለህ። ይከፍላል የምትለውን ዱቤ ትጨምራለህ፣ ተስፋ የቆረጥክበትን ከገባ በኋላ ታየዋለህ። አሁን መከፈል ያለበትን ዕዳ ትቀንሳለህ። መደርደሪያው፣ መቀሱ፣ ሚዛኑ አይቆጠርም፣ ለመሥሪያ ነው እንጂ ለመሸጫ አይደለም። እንበል ዕቃ 900,000፣ ጥሬ 120,000፣ ዱቤ 150,000፣ ዕዳ 90,000 ቢሆን 1,080,000 ይመጣል። 2.5 በመቶው 27,000። ይሄ በጨረቃ ዓመት ነው፣ 354 ቀን። ሰኔ 30 ከሒሳብህ ጋር አብሬ ልዝጋው ካልክ 11 ቀን ስለሚበልጥ በ2.577 ታስባለህ፣ 27,832 ገደማ። የአጎትህ ድርሻ ዘካ የእሳቸው ነው፣ አንተ በውክልና ልታወጣላቸው ትችላለህ፣ ነግረሃቸው።

ኒሷቡ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን) ላይ አንድ ነገር። 85 ግራም ወርቅ ነው ወይም 595 ግራም ብር። ብር ስል ማዕድኑን ነው እንጂ ኪሳችን ያለውን አይደለም። ድሮ ሁለቱ ተቀራራቢ ነበሩ። አሁን ወርቁ ሰማይ ስለነካ በወርቅ ካሰብክ ብዙ ሱቅ ዘካ አይደርስበትም፣ በብሩ ካሰብክ ትንሹም ይደርስበታል። ዑለማዎች በሁለቱም ይሄዳሉ፣ የምታምነውን ኡስታዝ ጠይቅ። ለድሃው የሚሻለው የትኛው እንደሆነ ግን ለመገመት ኡስታዝ አያስፈልግም።

ጨርቅ_ሻጩ

አልሐምዱሊላህ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። አጎቴ ጋ ደወልኩ። ሐጂ የነገሩኝን ጥያቄ እንዳለ ጠየቅኋቸው፣ «ቢቃጠል ምን ይሉኛል?» ብዬ። ዝም አሉ። ከዚያ «ምን አስበሃል አንተ ልጅ?» ብለው ዘጉብኝ። ሦስት ቀን አላነሱም። እናቴ አበደች። ከጁሙዓ በኋላ ራሳቸው ደወሉ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኪሳራ የሚባል ነገር መስማት አልችልም። ከዚህ በኋላ የምሸጠው ቦታ የለኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ሽርክናው ቀረ። ብድር ነው ተባባልን፣ ቀርድ ሐሰን፣ ያለ ጭማሪ የሚመለስ። እስካሁን የሰጠኋቸው 210,000 ከዋናው እንደተከፈለ ቆጠርነው፣ ሰፈራችን ያሉ ኡስታዝም ይሄው ነው አሉ። የቀረው 390,000። በየወሩ 15,000 እንደ ድሮው እልካለሁ፣ በ26 ወር ያልቃል። ለእሳቸው ወሩ አልተለወጠም። ጻፍን፣ ሁለት ምስክር ፈረመ።

ግን አንድ ነገር ጠየቁኝና መልስ አጣሁ። «መጋቢት 2016 የሰጠሁህ 600 ሺህ ስንት ጣቃ ጨርቅ ገዛ? ዛሬስ ስንት ይገዛል?» አሉ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ እኔ ራሴ ዋጋ የጨመርኩት ስንት ጊዜ ነው። እሳቸው ብቻ ተጎዱ።

የበርበሬ_ተራው_ሐጂ

ጥያቄያቸው ከባድ ነው ልጄ። የዓለም አቀፉ የፊቅህ (የኢስላም ሕግ) አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ወስኖበታል። ዕዳ የሚመለሰው በቁጥሩ ነው፣ ብር ቢረክስም በዋጋ ንረት ልክ አይጨመርበትም። መጀመሪያውኑ በወርቅ ግራም ቢያበድሩህ ኖሮ በግራም ትመልስ ነበር። አሁን አልፏል።

ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተበደሩትን ግመል የተሻለ ግመል መልሰዋል፣ «ከእናንተ በላጩ አከፋፈሉ ያማረው ነው» ብለዋል። ሳይነጋገሩበት፣ ቃል ሳይገቡ። 26ኛው ወር አልቆ ዕዳው ሲዘጋ አንተ በፈቃድህ ለአጎትህ ምን እንደምታደርግ ያንተ ነው። አሁን ግን አትንገራቸው። ከነገርካቸው ቃል ይሆናል፣ ቃል ከሆነ ወደመጣንበት ተመለስን።

ጨርቅ_ሻጩ

ሐጂ ዕድሜ ይስጥልኝ። ገባኝ።

ኡሙ ሐናን፣ ሰኔ 30 ለዘካው ቆጠራ ልጀምር ነው። ልጁም ያግዘኛል፣ የትርፍ ሰዓት ከፍዬ። ጣቃው ተቆርጦ ተቆርጦ አንዳንዱ ግማሽ ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ሜትር ቀርቶታል። በጣቃ ልቁጠር ወይስ በሜትር?

ኡሙ_ሐናን

በሜትር። ቁርጥራጩን ለብቻ አድርገው፣ እሱን በሙሉ ዋጋ እንዳታስበው፣ የሚሸጥበትን ዋጋ ጻፍ። ደብተሩን በእርሳስ አድርገው መጀመሪያ።